ጋሽ ዱባለ ዋጋቸውን እንዴት ጠሩ

ጋሽ ዱባለ በርበሬ ሲገዙ ያየ ሰው፣ «እኚህ ሰው ለገንዘብ ደንታ የላቸውም» የሚለውን የሰፈር ወሬ ለማመን ይቸገራል። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በርበሬ በረንዳ እትዬ ሙሉዬ ከሚባሉ ነጋዴ ፊት ቆመው ዛላውን እየሰበሩ ያሸታሉ፤ ያስነጥሳቸዋል፤ «ይህማ ያምና ነው» ይላሉ፤ አሥር እርምጃ ሄደው ይመለሳሉ። እትዬ ሙሉዬም የዋዛ ሴት አልነበሩምና «ጋሼ፣ ያምናውን እርስዎው ወስደው ጨርሰውታል» ይሏቸዋል። እንዲህ ሲባባሉ ሩብ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ስሙኒ ተቀነሰላቸው። ጋሽ ዱባለ ከረጢታቸውን አንጠልጥለው፣ አገር እንዳቀና ሰው ደረታቸውን ነፍተው ዞር ሲሉ፣ ከኋላቸው ቆማ ስትስቅ የነበረች አንዲት ወጣት አዩ።

የሻሽወርቅ ነበረች። አባቷ አቶ ገብረ ማርያም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጎጃም በረንዳ እህል ሲነግዱ የኖሩ የጋሽ ዱባለ የልብ ወዳጅ ነበሩ። ልጅቱ የንግድ ሥራ ትምህርቷን ጨርሳ አሁን በአንድ የጭነት መኪናዎች ድርጅት ቢሮ የጽሕፈት መኪና ትመታለች።

ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው፣ የየቤቱን ደኅንነት አንድ በአንድ ተጠያይቀው ሲያበቁ፣ ይህ ሁሉ በርበሬ ለምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ዱባለ ኮራ ብለው አስረዷት። ወደ ቆላ፣ ወደ ጨው አገር ሊሄዱ ነው። እዚያ አንድ ትልቅ ድርጅት ማዕድን ይፈልጋል፤ እሳቸውን የፈለገው ግን እሱ አይደለም። ለማዕድን ፈላጊው መሬቱን በመሰርሰሪያ የሚበሳለት፣ ድንኳን የሚተክልለት፣ ውኃና ስንቅ የሚያመላልስለት ሌላ ኩባንያ አለ። ይህ ኩባንያ የመሰርሰሪያው ጥርስ ሲደነዝ የሚስል፣ ቧንቧው ሲሰነጠቅ የሚበይድ ሰው ቢያጠያይቅ፣ መርካቶ በሙሉ ወደ ተክለ ሃይማኖት፣ ወደ ጋሽ ዱባለ የብረት መሥሪያ መራው። አብረዋቸው አራት ሰዎች ይሄዳሉ። ውሉን የሚፈርሙት ሐሙስ ነው፤ የሚቆዩት ስድስት ወር። ምግቡ የቆርቆሮ ነው ስለተባለ በርበሬው ለዚያ ነው።

«ደመወዙስ ስንት ሆነልዎ?»

ጋሽ ዱባለ የሚያልፈውን የእጅ ጋሪ፣ ጋሪ አይተው እንደማያውቁ ሁሉ ትክ ብለው ተመለከቱት።

«እሱን እንኳ አልተነጋገርንም። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ያዩትን ይሰጡኛል።»

«ለስሙኒ ሩብ ሰዓት የተከራከሩት ሰውዬ፣ ስድስት ወርዎን ዋጋውን ሳያውቁ ሊሰጡ ነው?»

«በርበሬው የሙሉዬ ነው፤ ሥራው ግን የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ዱባለ። «የሰው ዕቃ ዋጋ መጠየቅ ምን ነውር አለው? ነውሩ የራስን መጥራት ነው።»

ይህን ያነበበ ሰው ቸኩሎ እንዳይስቅባቸው እለምናለሁ። «ያዩትን ይስጡኝ» ብሎ የተሰጠውን ጥግ ሄዶ ሲያይ ፊቱ ያልጠቆረ ሰው ከመካከላችን ካለ፣ እሱ ብቻ ይሳቅ።

የሻሽወርቅ ግን አልሳቀችም። ከረጢቱን ተቀብላቸው አብራቸው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመረች። ድርጅቷ ለዚያው በረሃ ዕቃ ያጓጉዝ ስለነበረ፣ የሾፌሮቹን የቅጥር ውል የምትጽፈው እሷ ናት። ደመወዝ በሚለው ቃል ፊት ነጠብጣብ መስመር እንዳለ፣ ያ መስመር ባዶ ሆኖ የቀረበለት ጸሐፊ ሁልጊዜ ትንሹን ቁጥር እንደሚሞላበት ነገረቻቸው። ጋሽ ዱባለ መልስ አላጡም። ሥራቸውን ሲያዩ ያርሙታል አሉ፤ መጥረቢያ ያሠራ ሰው መጥረቢያውን በእጁ ይዞ፣ ስለቱን በጥፍሩ ሞክሮ ከሚገባው በታች የከፈለበት ጊዜ እንደሌለ በሙሉ ልብ አስረዷት።

«እሱ መልካም» አለች የሻሽወርቅ። «መጥረቢያውን የሚያየው ሰውና ከኪሱ የሚከፍለው ሰው አንድ ስለነበሩ ነዋ። በኩባንያ ቤት እንዲህ አይደለም፣ ጋሽ ዱባለ። ሥራዎን የሚያየው በረሃ ያለው ፎርማን ነው። ደመወዝዎን የሚጽፈው ግን እዚህ ከተማ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። የሚያየው አይከፍልም፤ የሚከፍለው አያይም። ታዲያ ‹ያዩትን› የሚሉት ለማንኛው ነው?»

ጋሽ ዱባለ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ነገሩ ልባቸው ውስጥ ገብቷል፤ ግን ልባቸው ውስጥ ከሱ የቀደመ ሌላ ነገር ተቀምጦ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወጡት።

«የሻሽዬ፣ አንቺ አልደረስሽበትም። እኔ ወደዚህ ከተማ ስመጣ ስሜ ‹ቀጥቃጩ› ነበር። ማረሻውን የሠራሁለት ሰው እጄን አይጨብጥም፤ ገንዘቡን መሬት ላይ አስቀምጦልኝ ይሄዳል። በኋላ ዋጋ መጥራት ተውኩ። ‹ያዩትን› አልኩ። ይኸኔ ሰዉ ‹ይህ እንኳ ጨዋ ነው› ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ዱባለ አሉኝ፤ ቀጥሎ ጋሽ ዱባለ። አባትሽ ማዕዱ ላይ ያስቀመጠኝ ያኔ ነው። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ይህን ስም ለኩባንያ ብዬ ላጥፋ?»

የሻሽወርቅ ይህን አታውቅም ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጋሽ ዱባለ ሲባሉ ነው የሰማችው፤ ሌላ ስም እንደነበራቸው ማን ይነግራታል። በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አለቻቸው፦

«መርካቶ በሙሉ ኩባንያውን ወደ እርስዎ የመራው ዋጋ ስለማይጠሩ ነው? እጅዎን ስለሚያውቅ ነው እንጂ። ስሙን ያመጣው እጅዎ ነው፤ ዝምታዎ ምስጋናውን ለራሱ ወሰደ።» ቀጥላም፣ መናገር የማትፈልገውን ነገር እንደምትናገር ሰው ዓይኗን ሰበር አድርጋ ጨመረች፦ «ደግሞ ዝምታው የእርስዎ ብቻ ቢሆን እኔም ዝም እል ነበር። የቡርሃን ሚስት ሁሪያ ትናንት ስታለቅስ ነበር።»

ቡርሃን ከአራቱ ተጓዦች አንዱ ነው። ሥራው ድንኳን መስፋት ነው። ሚስቱ ሁሪያ የሻሽወርቅ የግድግዳ ጎረቤት ስትሆን፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ኩባንያው ደመወዙን የሚሰጠው ሥራው ሲያልቅ ባንድነት ነው የሚል ወሬ ስለተሰማ፣ ሁሪያ ባሏን፣ ግማሹ በየወሩ እዚህ ይሰጠኝ ዘንድ ጠይቅልኝ ብትለው፣ «ጋሽ ዱባለ ሳይናገሩ እኔ አፌን አልከፍትም፤ ታላቃችን ናቸው» ብሏታል። ሦስቱም እንደዚያው ብለዋል።

ጋሽ ዱባለ መንገዱ መካከል ቆሙ። ከኋላቸው ጋሪ የሚገፋ ሰው «ጋሼ፣ መንገዱን የገዙት እንደሆነ ይንገሩን» ብሎ ሲጮህባቸው ነው ጥግ የያዙት።

«እኔ ቡርሃንን አትናገር ብዬዋለሁ?» አሉ።

«አላሉትም። ግን ሐሙስ ዕለት እርስዎ ‹ያዩትን› ካሉ በኋላ፣ እሱ ይህን ያህል እፈልጋለሁ ቢል ምን ይሉት ነበር? እውነቱን ይንገሩኝ።»

ጋሽ ዱባለ እውነተኛ ሰው ስለነበሩ መልሱ አስቸገራቸው። «ባለጌ እለው ነበር» አሉ።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ በለጥሻቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የባላቸውን ኮት ቁልፍ ይተክሉ ነበር። የሻሽወርቅ የመንገዱን ክርክር ስትነግራቸው ቀና ሳይሉ አዳመጡ። ጋሽ ዱባለ ጣልቃ እየገቡ፣ እስከ ዛሬ ዋጋ ሳይጠሩ ኖረው ቤታቸው መቼም ጎድሎ እንደማያውቅ፣ ይህም የበረከት ሥራ እንደሆነ ተናገሩ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ በለጥሻቸው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና መርፌውን ነጠላቸው ላይ ሰኩት።

«በረከቱን እኔ ነበርኩ የማመጣው» አሉ።

ሁለቱም አልገባቸውም።

«እርስዎ ‹ያዩትን› ብለው የሸኟቸውን ሰዎች እኔ በማግስቱ እሄድባቸዋለሁ። በጓሮ ገብቼ ለሚስቶቻቸው ‹ሰውዬው ይሉኝታ ይዟቸው ነው፤ ብረቱ ብቻ ይህን ያህል ፈጅቷል› እላለሁ። አንዳንዷ እያፈረች ትሰጠኛለች፤ አንዳንዷ ደጅ ላይ ታስቆመኛለች። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እመጣለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ስምዎን ሲያነሡ ደስ ስለሚልዎ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ አልተከፋሁም። አሁን ግን የሚሄዱት ጨው አገር ነው። እዚያ በየትኛው ጓሮ ልግባልዎ?»

ጋሽ ዱባለ ሊቆጡ አሰቡ። ለመቆጣት አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው የሚስታቸው ጫማ ላይ አረፈ። ተረከዙ ባንድ ወገን አልቆ ወደ ጎን ተዘንብሏል። ይህን ጫማ በየቀኑ ሲያዩት፣ ወዴት ወዴት ሄዶ እንዲህ እንዳለቀ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ አጠገባቸው ቁጭ አሉ።

«ስንት ትጠይቂያቸው ነበር፣ በለጥሽ?»

«የሚገባዎትን።»

ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም። ጋሽ ዱባለ ወደ የሻሽወርቅ ዞረው፣ ትምህርት እንደሚቀበል ሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «እንግዲህ የሚገባኝ ስንት ነው?» አሏት። እሷም ለዚያ በረሃ ሾፌርና መካኒክ የሚከፈለውን ታውቅ ነበርና አስረዳቻቸው። ውሉ ላይ ምን ምን መጻፍ እንዳለበትም ነገረቻቸው። ቡርሃንና ሦስቱ ባልደረቦቹም በማግስቱ ተጠርተው፣ እያንዳንዳቸው የሚጠይቁትን እዚያው ደጃፍ ላይ ተለማመዱ። ጋሽ ዱባለ ብቻ «እኔ አልለማመድም፤ ቀኑ ሲደርስ ይወጣልኛል» ብለው ቀሩ።

ሐሙስ ዕለት አምስቱም በኩባንያው ቢሮ ተሰለፉ። የቅጥሩ ኃላፊ አቶ ዘውገ ትሑት ሰው ነበሩ። ወረቀቱን እየገለጡ፣ «ባለፈው ስጠይቅዎ ዝም ስላሉኝ በወር አርባ አምስት ብር ጽፌያለሁ። አለቆቼ ባዶ አይቀበሉኝም» አሏቸውና ብዕሩን አቀበሏቸው።

ጋሽ ዱባለ ብዕሩን ያዙ። እሳት የለመደው ግንባራቸው በጠዋቱ ብርድ አላበው። የመጀመሪያው ቃል የወጣው ስለ ራሳቸው አልነበረም።

«የዚህ ልጅ ሚስት መውለጃዋ ደርሷል» አሉ ቡርሃንን እያሳዩ። «ግማሽ ደመወዙ በየወሩ እዚህ ይሰጣት። የሁላችንም ቤት እንደዚያው ይሁን። የታመመ ሰው የታመመበት ቀን አይቆረጥበት። የመመለሻው መኪና በኩባንያው ይሁን።» ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «የእኔ ደመወዝ መቶ አሥር ብር ነው።»

የቢሮው ጣሪያ አልወደቀም። አቶ ዘውገ ስልክ አንሥተው ተነጋገሩ፤ ዘጠና አምስት ብር ተፈቀደ፤ የቀረው ሁሉ እንደተባለው ተጻፈ። ከዚያ ቡርሃን ወደፊት ቀረበና የራሱን ተናገረ፤ ሦስቱም ተከተሉ። አቶ ዘውገ የወረቀቱን ቀለም ሲያደርቁ፣ ደመወዙን ሳያውቅ የሚሄድ ሠራተኛ በሁለተኛው ወር ተቀይሞ እንደሚጠፋ፣ መሰርሰሪያውም ሠሪ አጥቶ እንደሚቆም፣ ለኩባንያው የሚበጀው አስቀድሞ የተነገረ ዋጋ እንደሆነ አጫወቷቸው።

ዋጋን መጥራት የዚህን ያህል ጥቅም አለው። ሠራተኛው ቤቱን አምኖ ይሠራል፤ አሠሪው ሠራተኛውን አምኖ ያሰማራል፤ ታናሹ በታላቁ ዝምታ አይጎዳም። የጋሽ ዱባለ ስምም አልጠፋም። በረሃ ወርደው አዲስ ለሚመጣው ሠራተኛ ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ «ስንት ተባባላችሁ?» ይሉ ስለነበር፣ ‹ጋሼ› የሚላቸው ሰው በዛ እንጂ አላነሰም።

የመጀመሪያው ወር ሲሞላ ወይዘሮ በለጥሻቸውና ሁሪያ ተያይዘው ወደ ቢሮው ሄዱ። ሁሪያ የድርሻዋን ተቀብላ በር ላይ ቆመች። አቶ ዘውገ ለወይዘሮ በለጥሻቸው አርባ ሰባት ብር ከሃምሳ ሰጥተው ጣታቸውን በቀለም አስነክተው አስፈረሟቸው። ሴትዮዋ ግን ከወንበሩ አልተነሡም። አቶ ዘውገ ያጎደሉ መስሏቸው እንደገና ቆጠሩ፤ ልክ ነው።

«ቀረ የሚሉት ነገር አለ፣ እትዬ?»

«የለም፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ በለጥሻቸው። «እስቲ ትንሽ ልቀመጥ። የባሌን ዋጋ ሳልለምን ስቀበል ዛሬ ገና ነው።»