ለሉሲ አባት ለቅሶ የመጡ ዕለት

ይግቡ፣ ይግቡ እትዬ ገበያነሽ። ውሻው ታስሯል፣ አይፍሩ። ጫማዎንም አያውልቁ፤ በቡና ለቀማ ሰሞን ዝናብ ሲጨምርበት እዚህ ኮንጋ ውስጥ ጭቃ ያልገባበት ቤት የለም። ከይርጋጨፌ በሞተር ነው የመጡት? እኔስ ድምፁን ስሰማ ከቡና እጠባ ጣቢያው የመጣ ሰው መስሎኝ ነበር። ለካ ከዲላ ድረስ እንግዳ መጥቶልኝ ኖሯል። ጥቁሩ ደግሞ እንዴት ያምርብዎታል። ነጠላውም ጥቁር፣ ቀሚሱም ጥቁር… ጭቃ አያሳይም፣ መልካም አስበዋል።

ቤተሰብ ደህና ነው? ዲላስ እንዴት ነው? መብራት ይቆያል? እኛ ዘንድ መጣ ሲሉት ይሄዳል፣ ሄደ ሲሉት ይመጣል፤ እንደ አንዳንድ ሰው። እዚያ ይቀመጡ፣ እዚያኛው ይመቻል። የዘነበ ወንበር ነው፤ እሱ ላይኛው ጓሮ ቡና እየለቀመ ነው፣ ለምሳ ይወርዳል።

ምነው ተነሡ? ይቀመጡ እንጂ። ዘነበ ባለቤቴ ነው፣ የሉሲ አባት። የሚያውቁት መስሎኝ ነው፤ ካላወቁትም ዛሬ ይተዋወቃሉ። ሲመጣ ሌላ ወንበር አያጣም። ሻይ ልቅዳልዎት? ሞተሩ አንገላቶዎት ነው መሰል ፊትዎ ገረጣ።

እንግዲህ የታመመ ሊጠይቁ ነው የመጡት። ሌላ ምን ያመጣዎታል? ሰው እንደሆነ ያወራል፤ ‘ገበያነሽ የደረሰች ልጅ ያለበት ቤት እያጠያየቀች ነው፣ አባት የሞተባትን ልጅ ለእህቷ ልጅ ልታጭ ነው’ ይላል። እኔ ወሬ አልሰማም። የእህትዎ ልጅ ተምሮ መመለሱን ግን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በጽኑ ሕሙማን ሕክምና ስፔሻሊስት ሆነ አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎት። የማወራው ስለ እሱ አይደለም ታዲያ፤ ኋላ የእህቴን ልጅ አነሣችብኝ እንዳይሉኝ። የእኔ ወሬ ስለ አንድ ሌላ ዶክተር ነው። ዲላ ሰፊ ከተማ ነው፤ ጽኑ ሕሙማንን የሚያክም ስፔሻሊስት በየሰፈሩ ሳይኖር ይቀራል?

ይኼ የእኔ ዶክተር ትምህርቱ የትየለሌ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ለመሆን ተማረ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄዶ ስፔሻሊስት ለመሆን ተማረ። እሱም አልበቃው ብሎ፣ በሞትና በሕይወት መካከል ያለውን ሰው ብቻ ለማከም እንደገና ተማረ። ሲሄድ ቤተ ክርስቲያናችን ጸልያለታለች፤ እኔም ተንበርክኬአለሁ። ጸሎታችን ምን ነበር መሰለዎት? ያን ጊዜ የጠናበት ሰው ሁሉ ወደ ሐዋሳ ይላካል፣ ብዙውም መንገድ ላይ ይቀራል። ‘ጌታ ሆይ፣ ከእንግዲህ ሕመምተኞቻችን ወደ ሐዋሳ አይላኩብን’ ብለን ለመንን። ተሰማልን። አሁን ወደ ሐዋሳ አይላኩም፤ ወደ ቤታቸው ነው የሚላኩት።

ዘነበ መስከረም ላይ ቆላ ዘመድ ጥየቃ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። ቀላል መስሎን ስንዘናጋ ወደ ጭንቅላቱ ወጣበትና ራሱን ሳተ። ተሸክመን ዲላ አደረስነው፤ እዚያው ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡት። እግዜር ይስጣቸው፣ ክፍሉ ንጹሕ ነው። ዶክተሩ ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤ የሚያሠለጥናቸው ወጣት ሐኪሞች እንደ ጫጩት ተከታትለው ከኋላው። አልጋው ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማሽኑን ነው። ቁጥሩን ያነባል፣ ለልጆቹ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ልጆቹም ቁጥሩን እያዩ ይጽፋሉ። ዘነበን ማንም አይመለከተውም። አስተዳደግ ነው እሱ፤ ሰው በተኛ ሰው ፊት ላይ ያፈጥጣል እንዴ?

እኔ ያልተማርኩት ግን አፈጥጥ ነበር። ስሙን ስጠራው የዓይኑ ሽፋን ትርግብ ይላል። ለዶክተሩ ነገርኩት፤ ‘እስቲ አንዴ ፊቱን ይዩልኝ’ አልኩት። እርምጃውን ሳይገታ ‘የሚያጋጥም ነው’ አለኝ። ታዲያ ዓይኑን ምን ነካው እንዳይሉ፤ ዓይኑ ፍጹም ጤነኛ ነው። የአባትየውን ሽፋሽፍት ከክንድ ርቀት ያላየው ያ ዓይን፣ የልጅቱን እንባ ከኮሪደሩ ጫፍ አይቶታል። ልጄ ሉሲ ናት እንግዲህ፤ እዚያው ዲላ አስተማሪ ናት፣ አባቷ ከታመመ ወዲህ ከደጃፉ አልጠፋችም። ዶክተሩ ልቅሶዋ በጣም እንደነካው በኋላ ራሱ ነግሯታል። ሐኪም ርኅሩኅ ሲሆን ደስ ይላል።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ እኔ ዞረና ‘ከእንግዲህ ከቤተሰቡ ጋር ቢሆን ይሻላል’ አለኝ። አማርኛው እንዴት የለሰለሰ ነው። መጀመሪያ ተሽሎት መስሎኝ ‘አሜን’ ብያለሁ። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ነርሷ አንሶላውን ስትገፍ ነው። ውጭ አንዲት የትልቅ ሰው እናት መኪና ውስጥ ሆና አልጋ ትጠብቅ ነበር… እሷም እናት ናት፣ እሷም ነፍስ አላት።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልንገርዎት። ያን ዕለት ተቃጥያለሁ። በዕድሜዬ ሰው ጠልቼ አላውቅም፣ ያን ዕለት ጠላሁ። ይሞታል ማለቱ አይደለም ያቃጠለኝ፤ ሐኪምም ሰው ነው፣ ይሳሳታል። አልጋም ለሁሉም አይበቃም፣ ይገባኛል። አንዴ ብቻ ቆሞ፣ እጁን ይዞ፣ ‘ዘነበ’ ብሎ በስሙ ጠርቶት፣ ከዚያ በኋላ ውሰዱት ቢለኝ ጉልበቱን ስሜ በወጣሁ ነበር። ስሙን አንድ ቀን እንኳ ሲጠራው አልሰማሁም።

ተውኩት። ሻይዎ በረደ እኮ፣ ይጠጡ።

የዘነበ ወንድም ሲላስ እንደ ወጉ ቀድሞ ወደ ቀበሌው ደወለና ድንኳን ተተከለ። እኛ መኪና ለምነን ሰውዬውን አስተኝተን ጉዞ ጀመርን። ወናጎን እንዳለፍን መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲያንገጫግጨን ዘነበ ዓይኑን ገለጠና ‘ጫማዬስ?’ አለ። ጫማውን ሆስፒታል ትተነው ነበር፤ ለሚሞት ሰው ጫማ ማን ይይዛል? ሲላስ ደንግጦ በሩን ከፍቶ ሊወርድ ሲል ያዝነው። ቤት ስንደርስ ዘነበ ድንኳኑን አይቶ ማን እንደሞተ ጠየቀ። አገር ምድሩ መሬት መሬቱን ያያል። ፓስተሩ አስተዋይ ሰው ነው፤ ለቀብር ያዘጋጀውን ቃል ለምስጋና አደረገው፣ የመጣውም ሰው ቆጮውን በልቶ ደስ ብሎት ተመለሰ። ዘነበም ቡላ ጠጥቶ ተኛ። እንግዲህ ያዳነው መድኃኒት ሆስፒታል የሰጡት ነው፤ ያዘዘለትም ያው ዶክተር ነው፣ አንክድም። ይሠራል ብሎ ያላመነው እሱ ራሱ ነው እንጂ እኛማ አመስግነናል።

የዶክተሩን ቅልጥፍና ግን ሳልነግርዎት። ገና መንገድ ላይ ሳለን ለሉሲ በስልኳ መልእክት ላከላት፤ ‘እግዚአብሔር ያጽናናሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም’ የሚል። ሌላው ሰው ለቅሶ የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው። እሱ ቀድሞ ደረሰ። በጽኑ ሕክምና ዋናው ነገር መፍጠን ነው አሉ፤ እውነት ነው?

ሉሲ ሲናገሯት የምትመልስ ልጅ ናት። ‘አባቴ ነቅቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን’ አለችው። ‘እምነትሽ ያስደንቃል’ ብሎ መለሰላት። ሳምንት አልፎ ‘አባቴ በእግሩ መሄድ ጀመረ’ አለችው። ‘ይገባኛል፣ ጊዜ ይፈልጋል’ አላት። ለካ ይኼም ትምህርቱ ውስጥ አለ! ሰው የሞተበት ቤተሰብ መጀመሪያ አካባቢ አልሞተም ብሎ ይክዳል፤ ሐኪሙ ደግሞ መታገሥ እንጂ መከራከር የለበትም። እሱም ታገሠ። ዘነበ ቅርጫት አንግቶ ቡና ሲለቅም ፎቶ አንሥታ ብትልክለት ‘መልካም ትዝታ ነው፣ በደንብ አስቀምጪው’ አላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ መዳኑን አልደበቅንም፣ የሚያምነን ነው ያልተገኘው። ሰውዬውን ይዘን ዲላ እንሂድና እናሳየው ብዬ ነበር፤ ዘነበ ራሱ አልሄድም አለ። ‘እዚያ ስሄድ ሞተሃል ብለው ቢያስቀሩኝስ’ ይላል።

የሞተ ተጎዳ ይሉ ነበር አባቶች። ዘመኑ ተገለበጠና አሁን የሚጎዳው ያልሞተው ሆነ።

እንዲህ እንዲህ ሲያጽናናት ቆየና በመጨረሻ የልቡን ነገራት። ላገባሽ እፈልጋለሁ አለ። ሉሲም በወጉ ያደገች ናትና ‘አባቴን ጠይቅ’ አለችው። ዶክተሩ ምን አደረገ ይመስልዎታል? አዘነላት። ሐዘኑ ገና አልወጣላትም ብሎ በጣም አዘነላት። ከዚያ አባትን ትቶ፣ ባል የሞተባትን እናት የሚያባብል፣ ለቅሶውንም እግረ መንገዱን የሚደርስ ሰው ፈለገ አሉ… ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም ይሁን ጨዋ ሰው ይሆናል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ባለቤቱን ከቀበሩት በኋላ ግን አጥሩን መነቅነቅ ምን ነውር አለው? ንቀትስ የት አለ? ንቀት ላለ ሰው ነው።

እርስዎን አይደለም፤ እርስዎ የመጡት ለጥየቃ ነው።

ሉሲ ምን አለች? መልካም፣ ጠየቁኝ እንበል። ትናንት ደውላ ነበር። ብዙም አልተናገረች፤ ‘እማዬ፣ አባቴን አጠገቡ ቆሞ ያላየ ሰው እኔን የት ያየኛል’ ብላ ስልኩን ዘጋች። ዘነበን ብጠይቀው ደግሞ የባሰ ነው፤ ‘ልጄን የሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ መኖሬን ይመን’ ይላል። አሁን ዶክተሩ ሌሎቹን ሐኪሞች የሚያሠለጥን ዋና ኃላፊ ሊሆን ነው፣ ከዚያ በፊት ትዳር ይዞ መቀመጥ ይፈልጋል የሚል ወሬ ነበር። ኃላፊ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ እውቀት አንድ ሰው ላይ ብቻ ይቅር? አገሩን ያዳርሰው እንጂ። አይነጋ መስሏት… ተዉት እሱን፣ ምሳ ሊቀርብ ነው።

ሳሉን ሰሙት? እሱ ነው። ቅርጫቱን እያወረደ ነው፣ አሁን ይገባል። ይጠብቁት እንጂ፤ እንግዳ ይወዳል፣ ከዲላ ድረስ ለእሱ ብለው ጥቁር ለብሰው መምጣትዎን ሲሰማ ምን ያህል ደስ እንደሚለው። ይሄዳሉ? ሞተረኛው ቸኩሎ ነው? እንግዲህ ግድ ካልዎት አልይዝዎትም። አቮካዶ በፌስታል አድርጌልዎታለሁ፣ ይያዙ፤ ከዚህ ቤት ባዶ እጅ አይወጣም።

እጅዎን ይስጡኝ፣ ሳልመርቅ አይሄዱም። ያንን የማወራልዎትን ዶክተር ዲላ ላይ በአጋጣሚ ካገኙት ይኼን ከእኔ ያድርሱልኝ። ቂም የለኝም፣ በጌታ ስም ነው የምመርቀው። እግዚአብሔር ይባርከው። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ለእሱ የምትሆን ሚስት ያምጣለት፣ ቤቱ ይሙላ። ሴት ልጅ ይስጠው፤ መልከ መልካም፣ የተማረች፣ አባቷን እንደ ነፍሷ የምትወድ። ልጁ ለወግ ለማዕረግ ስትደርስ ለማየት ያብቃው። ሸምግሎ አንድ ቀን የጠናበት ዕለትም፣ እሷ ራስጌው ቆማ ስታለቅስለት፣ እንደ እሱ ጠንቅቆ የተማረ፣ እንደ እሱ ገና ሚስት ያላገባ ሐኪም እግዚአብሔር ይዘዝለት።