እስኪጋመስ የፈላ ውኃ

ያን ቀን የሰው ማቀዝቀዣ ጠግኜ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ከተምሩ እርሻ ማዶ ባለው ፌርማታ የአበልጄን የዶን ፊደንስዮን አሮጌ ፒክአፕ ቆሞ አየሁት። አቋቋሙ የሰው አቋቋም አይደለም፤ አውቶቡሱ የሚቆምበትን ቦታ ዘግቶ ነው። የልጅ ልጁ ሚሬያ ሕፃን ልጇን አቅፋ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ፣ ጠጠር በሚያቀልጠው ፀሐይ ላይ ቆማለች። እኔ የክርስትና አባቷ ነኝ። አውቶቡሱ መጣ፣ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፣ መቆሚያ ሲያጣ ጥሏት ሄደ።

ደሜ ፈላ። መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ።

«ዶን ፊደንስዮ፣ ምን ነካዎት? ልጅቷ ትምህርቷ አመለጣትኮ!»

«እንዲያመልጣት ነው የዘጋሁት» አለኝ፣ ከመኪናው ሳይወርድ። «ሕፃን ታቅፎ ኮሌጅ የሚሄድ የት አገር አይተሃል፣ ኤራስሞ? ባሏ ሰሜን ሰላጣ ለቀማ ሄዶ ወገቡ ይቆረጣል፣ እሷ የውኃ ቱቦ መፍታት ትማራለች። የሴት ሥራ ነው ይሄ?»

«ልጄን ለአባባ ትቼው እንዳልሄድ ያንን ውኃ ያጠጡታል» አለች ሚሬያ። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ ግን አላለቀሰችም።

«ሰማህ? እሷን ያሳደግኩበትን ውኃ ነው ‹ያንን ውኃ› የምትለው!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ካልተናገርኩ ያንቀኛል። በረሃችን ከተማ እየሆነ በየዓመቱ እያደገ ነው ይሉናል። አዎ፣ ያድጋል። አዲሱን ቤት የሚያቆመው፣ የጎልፉን ሣር የሚያጭደው፣ ተምሩ ላይ ወጥቶ ዘለላውን የሚሸፍነው የእኛ ሰው ነው። የማኅበረሰብ ኮሌጁ ግን ማኅበረሰቡን ጥሎ ማዶ፣ ከጎልፉ ሜዳ ጎን፣ በመስታወት ተሠራ። ለእኛ የደረሰን ሲፈልግ የሚመጣ አውቶቡስ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ የገዛ አያቷ መንገድ ይዘጋባታል! እግዜር ያሳያችሁ!

«በሉ፣ ፀሐይ ላይ አንጨቃጨቅ። ቤት እንግባ» አልኳቸው። ተከታትለን ወደ ተጎታች ቤታቸው ሄድን።

ምድጃው ላይ ትልቁ ድስት እንደተለመደው ተጥዷል። በሰፈራችን ይህን የማያውቅ የለም። ዶን ፊደንስዮ የጉድጓዱን ውኃ እኩሌታው ተንኖ እኩሌታው እስኪቀር ያፈላል፤ አዲስ ጎረቤት በገባ ቁጥር ደጁ ድረስ ሄዶ «እስኪጋመስ አፍሉ፣ ልጆቻችሁ ይድናሉ» ብሎ ያስተምራል። ሁሉም ይሰማዋል።

«አባባ፣ ባለፈው ሳምንት የነገርኩዎትን ለጋሼ ኤራስሞ ልንገራቸው?» አለች ሚሬያ።

«ንገሪው። ይሳቅ።»

«አስተማሪያችን የሰፈራችንን ጉድጓድ ውኃ አስመረመረ። አርሴኒክ አለበት፣ ከመሬቱ ድንጋይ የሚወጣ መርዝ። ዛሬ አይጥልም፤ ቀስ እያለ ነው የሚገድለው። ማፍላት ደግሞ አያጠፋውም።»

«አያጠፋውም!» አለ ዶን ፊደንስዮ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ። «እኔ በተወለድኩበት መንደር ሕፃን በተቅማጥ እንደ ዝንብ ሲረግፍ እናቴ እኛን በምን አተረፈችን? በማፍላት! አንቺ በሁለት ወር ትምህርት እናቴን ልታርሚያት?»

«እናትዎ ልክ ነበሩ፣ አባባ። እዚያ የነበረው ነፍስ ያለው ተባይ ነው፤ እሳት ይገድለዋል። ይሄኛው ነፍስ የለውም። እሳቱ ምኑን ይገድለዋል?»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ? አንተም እዚያው ኮሌጅ ነህ የተማርከው።»

«እኔ ስለ ማቀዝቀዣ ነው የማውቀው። ግን መልስ ይስጧት እንጂ አይጩኹባት!» አልኩት። ጮኬ ነበር የተናገርኩት።

ሚሬያ ሕፃኑን አሸከመችኝና ትንሿን ድስት አወጣች። ውኃ ቀዳች፣ ጨው በተነችበት፣ አማሰለች።

«ይቅመሱት።»

ቀመሰ። «ጨው ያለው ውኃ ነው። ምን ይሁን?»

«አሁን እንደርስዎ አድርጌ እስኪጋመስ አፈላዋለሁ። እሳቱ መጥፎውን የሚያወጣ ከሆነ ጨውም አብሮ ይወጣል።»

ውኃው እስኪጎድል ድረስ ሕፃኑ የሸሚዜን ቁልፍ እየጎተተ ይስቃል። ሲበርድ በማንኪያ ሰጠችው። ዶን ፊደንስዮ ቀመሰና እንትፍ አለው።

«መረረ።»

«ጨው አልጨመርኩም፣ አባባ። ውኃው ነው የሄደው። ጨው በየት ይሄዳል? በቀረው ውስጥ በረታ እንጂ።»

«ጨው ሌላ፣ መርዝ ሌላ» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ትልቁ ድስት ሥር በየሳምንቱ በቢላዋ የሚፍቁት ነጭ ነገርስ? እሱም ከውኃው ነው። እሳቱ እኮ አላወጣውም።»

ሽማግሌው ትልቁን ድስት አንስቶ ውኃውን ደፋው። የድስቱን ሥር በጣቱ ዳሰሰው፣ ደጋግሞ ዳሰሰው። ከዚያ ሕፃኑን አየው።

«የእሱን ጡጦ እኮ» አለ፣ «ለሕፃን ነው ብዬ ከሁሉ አብልጬ ነው የማፈላው።»

መቼም በሕይወቴ ብዙ ተናድጃለሁ፣ ያን ሰዓት ግን በሽማግሌው መናደድ አቃተኝ። ንዴቴ መሬቱን ወደሚያከራየን ወደ ሰፈሩ ባለቤት ሄደ፤ መርዙን እያወቀ ዝም ብሎ የቤት ኪራይ የሚሰበስብ ሰው! ወደ ኮሌጁም ሄደ፤ ይህችን ቀላል እውቀት ማዶ አስቀምጦ የሚያስጠብቀን!

ዶን ፊደንስዮ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ተከተልነው። የመጀመሪያውን በር አንኳኳ። ዶኛ ቻዮ፣ ሴት ልጇ ልትወልድ የተቃረበች ጎረቤት፣ ማማሰያ ይዛ ከፈተች።

«አይዞዎት ዶን ፊደንስዮ፣ ጥጃለሁ!» አለችው እየሳቀች። «ሊጋመስ ትንሽ ነው የቀረው።»

«ድፊው» አላት።

«ምነው? እርስዎ አይደሉ እንዴ አፍሉ ያሉን?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ድፊው፣ ልጄ፣ ለልጅሽም የታሸገ ውኃ ብቻ ስጫት።»

በየቤቱ እንዲህ እያለ ዞረ። የሰደበውም ነበር፤ ሰምቶ ወደሚቀጥለው በር ሄደ።

ዛሬ ሰፈራችን በየቤቱ ማጣሪያ አለው፤ የሚያጸዳውና የሚቀይረው ሚሬያና አብረዋት የተማሩት ሴቶች ናቸው። ነፍሰ ጡሮች ሳይሰጉ ይጠጣሉ፣ ሕፃናት ጡጦአቸውን ይጠባሉ፣ የሰፈሩም ባለቤት በሚያውቅ ሰው ፊት መዋሸት አልሆነለትም። የውኃው ትምህርትም አሁን እዚሁ፣ በእኛ በኩል ይሰጣል። ትምህርቱ ግን በራሱ ጊዜ እግር አውጥቶ አልመጣም። ዶን ፊደንስዮ ማዶ፣ በመስታወቱ ቤት፣ በኮሌጁ ቦርድ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ተናግሮ ነው። ባርኔጣውን በደረቱ ይዞ እንዲህ አላቸው፦

«እኔ የማላውቀውን ነገር በየደጁ እየዞርኩ ሰፈሩን ሁሉ አስተማርኩ። እናንተ የምታውቁትን ይዛችሁ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»