የአለያማ ድምፅ የት ነው?

አባታችን አባ ገብረኪዳን፣ የማኅበራችን ታላላቆች፣ በጠዋቱ ባቡር ከዙሪክ የደረሳችሁ፣ ማዳሞቻችሁን አስፈቅዳችሁ የወጣችሁ እህቶቼ፤ አማርኛ ባይገባችሁም ለአለያማ ብላችሁ አብራችሁን የቆማችሁ ሕንዳውያን ወዳጆቻችን፤ ሁላችንንም ያጽናን። አንቺንም ያጽናሽ፣ የአለያማ ልጅ ማህሌት።

እኔ ትርፍነሽ ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትናገርልኝ የኖረችው ይኸው እዚህ ተኝታለች። እንግዲህ ብንተባተብ ጥፋቱ የሷ ነው፤ ያስለመደችኝ እሷ ናት።

ከትናንት ወዲያ ማህሌት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እዚሁ ጄኔቭ ያደገች ልጅ ናት፣ ሲከፋት አማርኛው ከፈረንሳይኛው ይደባለቅባታል። «ታንት ትርፌ፣ የማማን ፊልሞች ሠላሳ አንድ ናቸው። ሁሉንም አየሁ። ፊቷ አለ። ድምጿ ግን የለም፣ ኑል ፓር፣ አንዱም ውስጥ የለም። የት ሄጄ ልስማት?» አለችኝ። አቀፍኳትና አብሬያት አለቀስኩ። ዛሬ ግን መልሱን ይዤ መጥቻለሁ።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። አባቷ መምህር ኩሪያን ከሕንድ፣ ከኬረላ መጥተው ደሴ ላይ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እንደኛው ኦርቶዶክሶች ናቸው። አለያማ እዚያው ደሴ ተወለደች፣ አደገች። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ለትምህርት ሕንድ፣ ማድራስ ከተማ ብትሄድ የፊልም ሰዎች አዩዋትና አለቀቋትም። ደቡብ ሕንድ ክፍለ ሀገሩ ሁሉ የየራሱ ቋንቋ፣ የየራሱ ሲኒማ አለው። በማላያላም ሠራች። በታሚል ሠራች። በቴሉጉ ሠራች። በካነዳ ሠራች። በአራት ቋንቋ ተዳረች፣ በአራት ቋንቋ ሞተች። በየትኛው ተናገረች? በአንዱም። የወላጆቿን ማላያላም እንኳ በደሴ ለዛ ስለምትናገረው ሳቁባት። እሷ ካሜራ ፊት ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ሌላ ሴት ድምፅ ትጨምርበታለች። ሥራው እንዲህ ነበር። ኋላ ሲኒማውን ትታ ወደዚህ ጄኔቭ መጣች፣ ፈረንሳይኛውንም እዚሁ አቀላጠፈችው።

አንድ እሑድ ኦኔ ሰፈር እቤቷ ተሰብስበን አንዱን የቴሉጉ ፊልሟን እናያለን። አንድ ወፍራም ባለሪዝ ጎረምሳ እጇን ይዞ ይለማመጣታል። እሷ ዓይኗን እያስለመለመች ትመልስለታለች። ጓደኛችን የወይንሐረግ ድንገት «ቆይ፣ መልሱት እስቲ» አለች። መለስነው። ድምፁን ዘግተን ከንፈሯን አየን። ወገኖቼ፣ አማርኛ ነው። ለካ ቴሉጉው አልያዝላት ሲል ዳይሬክተሩ «ያሻሽን በይ፣ አፍሽ ይንቀሳቀስ ብቻ» ብሏት ኖሯል። እዚያ በፍቅር እየቀለጠች የምትለው «ሽንኩርት በልተሃል መሰለኝ፣ እባክህ ትንሽ ራቅ በል» ነው። የወይንሐረግ በሳቅ ከሶፋው ወደቀች። ሕንድ አገር ስንቱ ሰው በዚያች ቦታ እንባውን እንደጠረገ እናንተው አስቡት።

በፈረንጆች ዘጠና አራት ደግሞ የታሚል ፊልም ሠሪዎች ዙሪክ መጡ። በረዶና ሐይቅ ፍለጋ ነው የሚመጡት። አለያማ እዚህ መኖሯን ሰምተው የአንዲት እናት ቦታ ሰጧት። ልጇን የምትሸኝ እናት፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ። «በራሴ ድምፅ ከሆነ» አለች። «እሺ» አሏት። ሦስት ሆነን አጀብናት። ከኮርናቫን ባቡር ጣቢያ እስከ ዙሪክ ያቺን ዓረፍተ ነገር ስትለማመድ፣ እኛም በየተራ ልጇ ሆነን ስንሰናበታት፣ ትኬት ተቆጣጣሪው ሥራውን ትቶ ቆሞ አየን። ሐይቁ ዳር ቆማ ተናገረች። ታሚል አላውቅም፤ ግን አለቀስኩ።

ካሴቱ በዓመቱ ፓኪ ሰፈር፣ ሕንዶቹ ሱቅ ደረሰ። ተሰብስበን ጠበቅን። አለያማ ብቅ አለች፣ አፏን ከፈተች። የወጣው የአንዲት ልጅ ቀጭን ድምፅ ነው። ሁላችንም ወደ አለያማ ዞርን። «ተዉ አትዘኑ፣ ለልጅቷም እንጀራዋ ነው» ብላ ተነሥታ ኩሽና ገባች። ተከተልኳት። የታጠበውን ሰሃን እንደገና ታጥባለች። «ትርፌ፣ አንድ ቀን እንኳ በራሴ አፍ ሳልናገር ልሞት ነው» አለችኝ።

ምን አልኳት? «እግዜር ያውቃል» አልኳት። እንዲህ ይባላል? መልሱ እኮ እኔው ነበርኩ። ፊቷ ቆሜ ሳለሁ ሳልነግራት ቀረሁ። ይኼ ሲቆጨኝ ይኖራል።

ያን ቀን ያልነገርኳትን ዛሬ ልናገር። በፈረንጆች ዘጠና ሁለት ኦ ቪቭ ሰፈር አንድ ዲፕሎማት ቤት እሠራ ነበር። ፓስፖርቴ የማዳም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። እናቴ አዲስ አበባ በጠና ታማለች። ፈረንሳይኛዬ ቦንዡርና ሜርሲ ነው። አለያማን ገና ሁለት ጊዜ ቅዳሴ ላይ አይቻታለሁ። ነገርኳት። እጄን ይዛ የሕዝብ ስልክ ውስጥ ገባች፣ ተጣበን ቆምን፣ ደወለች። «ትርፍነሽ ነኝ፣ ማዳም» አለች። ሳሌን ሳይቀር ሳለችው። ነገ ጠዋት ፓስፖርቴን ጠረጴዛው ላይ እንድታስቀምጥልኝ፣ አለዚያ ወደሚመለከተው ክፍል እንደምሄድ፣ በትሕትና ነገረቻት። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር። ስልኩን እስክትዘጋ ግን እጄን አለቀቀችም።

በማግስቱ ፓስፖርቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማዳም በፈረንሳይኛ አንድ ረጅም ነገር አለችኝ፤ እኔም ሜርሲ አልኩ። ፈረንሳይኛዬን ማድነቋ እንደነበር የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። እናቴን በሕይወት ደረስኩላት። ዓይኗን የከደንኩት በነዚህ እጆቼ ነው።

ለየወይንሐረግ ሐኪም ቤት የደወለላት ማን ነው? ዙሪክ ለምትኖረው ለአበባየሁስ፣ ስለ ፔርሚዋ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዷ የደወለላት ማን ነው? አለያማ ጀርመንኛ ታውቃለች እንዴ? አታውቅም። እንደ ፊልሙ ቃሉን ሸምድዳ ደወለች እንጂ። ሁልጊዜም የራሷን ሳይሆን የኛን ስም ነበር የኔ ነው የምትለው።

ማህሌትዬ፣ የማማን ድምፅ የት ሄጄ ልስማ አልሽኝ? ዞር በይና እነዚህን ሴቶች እያቸው። አንዷን ያዣትና ጠይቂያት። ካሴት የላቸውም። ግን እናትሽ ምን እንዳለች፣ እንዴት እንዳለችው፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደወሰደች ይነግሩሻል። ሕንድ አገር ሰው በሷ አፍ ተናገረ። እዚህ እሷ በኛ አፍ ተናገረች። ስሜ በአክብሮት ሲጠራ መጀመሪያ የሰማሁት ከሷ አንደበት ነው።

ትናንት ለዚህ ለመቃብሩ ጉዳይ ቢሮ መደወል ነበረብን። ማህሌት አልቻለችም። የሚደውልልን ሰው ደግሞ የለም። ፈራሁ፣ ግን ስልኩን አነሣሁት። እየተንተባተብኩም ቢሆን የሚጠይቀኝን ሁሉ መለስኩ። መጨረሻ ላይ ሰውየው ከሟቿ ጋር ያለሽ ዝምድና ምንድን ነው አለኝ። እህቷ ነኝ አልኩት። ሟቿ እኮ ሕንዳዊት ናት፣ አንቺ ደግሞ ኢትዮጵያዊት ነኝ ብለሻል፣ አለኝ። አዎ፣ እህቷ ነኝ፣ ጻፍ አልኩት። ጻፈ።

አለያማዬ፣ እንግዲህ አንቺ ዕረፊ። ለማህሌት የሚደወለውን ሁሉ እኔ እደውላለሁ። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።