የኦቦ ቀጄላ ቀርከሃና የሦስት ጣቷ ሞገድ

አሶሳ የክልል ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ያልተለወጠ ነገር ቢኖር የኦቦ ቀጄላ ግትርነት ብቻ ነው። አዲስ ቢሮ ከማንጎው ቀድሞ ይበቅላል። ኮረብታው ላይ የቆመውን የኢንተርኔት ታወር ከሥሩ ሆኖ ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ አንገቱን ለማስመለስ ወጌሻ ያስፈልገዋል። ሐሰት ነው የሚል ካለ መጥቶ ቀና ይበል!

ሰማዩ ያለውን ውሃ ሁሉ በከተማዋ ላይ ገልብጦ ገና ባባራበት በአንድ የሐምሌ ጠዋት፣ የኔትወርክ ባለሙያዋ ሂባ በባምባሲ መንገድ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ኦቦ ቀጄላን አገኘቻቸው። ነጭ የአንቴና ሳህን በብብታቸው ወሽቀው ይገሰግሳሉ። ሳህኑን ታውቀዋለች፤ በጥር ወር በገዛ እጇ ግድግዳቸው ላይ የሰቀለችው ነው።

«ደህና አደሩ ኦቦ ቀጄላ? ወዴት ይዘውት ነው?»

«ለሸጠልኝ ነጋዴ አናቱ ላይ ልደፋለት! በበጋ እንደ ፈረስ ጋልቦ በክረምት የሚተኛ ዕቃ! ነገ ገላኔን የሚጠይቋት ሰዎች በዚህ አይደል የሚመጡት? ትናንት ስትሞክረው ስክሪኑ ላይ የነበረው ሰውዬ አፉን እንደ ከፈተ ደርቆ ቀረ።»

ገላኔ የኦቦ ቀጄላ ልጅ፣ የሂባ ደግሞ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት። ሳምንት ያልሞላት አራስ ስለሆነች ከቤት አትወጣም። ነገ ከሰዓት በቪዲዮ የሚደረግላት ቃለ መጠይቅ ካመለጣት ስትመኘው የኖረችው የአዋላጅነት ትምህርት ዕድል ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ኦቦ ቀጄላ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። ያበላሸው ከፊቱ የቆመው ቀርከሃዎ ነው። እኔስ በጥር ምን ብዬ ነበር? ከቀርከሃው መስመር አውጥተን በሩ ጥግ እንትከለው አላልኩም?»

«ብለሻል። መብረቅ ልትጠሪብኝ ነው ብዬ ከለከልኩሽ። ደግሞ ይሠራ ነበር። የሚሠራን ነገር ማን ይነካካል?»

«ያኔማ ቀርከሃው ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ነበራ! አሁን ለብሷል፤ ያውም ውሃ አዝሎ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቃቸው መንጌ ወረዳ ድረስ ይሰማል የሚሉ አሉ። ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ራዲዮ አውጥተው በአፍንጫዋ ፊት አወዛወዙት።

«ይህን ታያለሽ? ከዚያው ቀርከሃ ሥር ተቀምጬ የካርቱምን ወሬ ይነግረኛል። በስልኬም ከወንድሜ ጋር እዚያው ሆኜ አወራለሁ። ከካርቱም የመጣውን ያላገደ ቅጠል፣ አፍንጫዬ ሥር ካለው ኮረብታ የመጣውን ያግዳል? ተምሬያለሁ ትያለሽ ደግሞ!»

ሂባ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። በዚያ ክረምት ይህን ጥያቄ ለጠየቃት ሰው ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ አስቀምጣ ቢሆን ኖሮ አባይ ሁለተኛ ግድብ በወጣለት ነበር። ቢሆንም የሰውዬው ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። ያናደዳትም ይኸው ነው።

«ያ ሰላም! ይስሙኝ እንግዲህ። ሁሉም ሞገድ ናቸው፤ ቁመታቸው ግን ይለያያል። የራዲዮዎ አንዱ ሞገድ ከዚህ እስከ መስጊዱ ይረዝማል። እንዲህ ያለ ዝሆን የእርስዎን ቀርከሃ እንደ ሣር ቆጥሮት ያልፋል። የስልክዎ ደግሞ ስንዝር ተኩል ያህል ነው። ቅጠሉ ያደክመዋል፤ ቢሆንም ለወሬ የሚበቃ ይተርፈዋል።»

«የዚህስ?» አሉ ሳህኑን በጣታቸው አንኳኩተው።

ሂባ ሦስት ጣቶቿን ገጥማ አሳየቻቸው። «ይህችን ታክላለች። አንዱ ቅጠል ወዲያ ይበትናታል፣ ውሃ ያዘለው ሌላው ደግሞ ይውጣታል። ከዚያ ሁሉ ቅጠል ወዲያ ማዶ ምን ይወጣል?»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ድንክ ትልካላችሁ? እንደ ራዲዮው ረጅሙን አትልኩም?»

«ረጅሙ ሩቅ ይሄዳል እንጂ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ወሬና ዘፈን ብቻ ያሳልፋል። ፊትና ድምፅ አብሮ እንዲሄድ ሰፊ መንገድ ያስፈልጋል። ሰፊው መንገድ ያለው በአጫጭሮቹ ሰፈር ነው።»

«ወሬ ነው!»

«እንግዲያው ወደ ቤት እንመለስና በእጅዎ ይዘው ይሞክሩት!»

ተመለሱ። ሂባ ሽቦውን ቀጠለች፤ ኦቦ ቀጄላ ሳህኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ፊቱን ወደ ኮረብታው አዙረው ቆሙ። ቀርከሃው ፊት ለፊት ሲሆን ገላኔ ከጓዳ ስክሪኑን እያየች «የለም!» አለች። በሩ ጥግ፣ ታወሩ ወለል ብሎ በሚታይበት ሲቆሙ «መጣ አባዬ!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው እያታለለችኝ ነው ብለው ሳይነግሯት ወደ ቀርከሃው ፊት ተመለሱ፤ «ሄደ!» አለች። እንደገና ወጡ፤ «መጣ!» ግቢው በእርምጃቸው ብዛት ጎድጉዶ ሐይቅ ሊወጣው ትንሽ ሲቀረው ኦቦ ቀጄላ ሳህኑን አስቀመጡና ጎራዴ የሚያህለውን ገጀራቸውን ይዘው ወደ ቀርከሃው ሮጡ።

«ወላሂ አብደዋል! ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልመንጥረዋ! ጥፋተኛው እሱ ነው አላልሽም?»

ሂባ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። እንቢ ሲሉ ተራራ፣ እሺ ሲሉ ጎርፍ!

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው አዴ ጠጂቱ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። «ቀጄላ! በቡቃያው ወቅት ገጀራ? በክረምት የተመነጠረ ቀርከሃ ሥሩ እንደሚሞት ለእኔ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

«አዴ ጠጂቱ ልክ ናቸው» አለች ሂባ። «ቅጠል ሁሉ ከተቆረጠማ አሶሳ ውስጥ አንድ ማንጎ አይተርፍም። ሳህኑን እንጂ ዛፉን አናንቀሳቅስም። ይልቅ ከመካከሉ የደረሰ አንድ ግንድ ይምረጡና በሩ ጥግ እንትከለው። ነፋስ እንዳያወዛውዘው በሦስት በኩል በሽቦ እንወጥረዋለን፤ ሳህኑ ትንሽ ከዞረ ታወሩን ይስታል።»

«መብረቁስ?»

«ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ እናስርለታለን። ሲያጉረመርም ደግሞ ሶኬቱን ነቅለው ይጠብቁ።»

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበሱ። «እንግዲህ በጥር እሺ ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሩጫ አይኖርም ነበር» አሉ፣ ለቀርከሃው የሚናገሩ መስለው።

ሳይመሽ ግንዱ በሩ ጥግ ተተክሎ ሳህኑ ጫፉ ላይ ተሰቀለ። በማግስቱ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ፤ ነጎድጓድ ግን አልነበረውም። ገላኔ ሕፃኑን ለእናቷ ሰጥታ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ጠያቂዎቹ ፊታቸው አልደረቀም፣ ድምፃቸውም አልተቆረጠም። ስለ ምጥ የጠየቋትን ከትኩስ ልምዷ መለሰች። በመጨረሻም አንዷ ጠያቂ «ሩቅ ቦታ ናት ብለውን ነበር፤ ጎረቤት ያለሽ ትመስያለሽ» አለቻት። ከሳምንት በኋላ ዕድሉን ማግኘቷ ተነገራት።

ቀርከሃውም ቆሞ ቀረ፤ ጥላ ይሰጣል፣ አጥር ይሆናል፣ አንዱ ልጁ ደግሞ ኢንተርኔት ይሸከማል። ቀድሞ ቦታ የመረጠ ሰው ዛፍም አይቆርጥ፣ ደህና ዕቃም አይጥል፤ በጥር የለካም የሐምሌን ቅጠል ማሰብ አለበት።

ሂባ በሌላ ቀን በዚያው መንገድ ስታልፍ፣ ኦቦ ጃለታ የሚባሉ ጎረቤት ነጭ ሳህን በብብታቸው ወሽቀው ሲገሰግሱ አየች። አፏን ከመክፈቷ በፊት ኦቦ ቀጄላ ከደጃቸው ዘለው ወጥተው ሰውዬውን ክንዱን ያዙት።

«ቁም አንተ! ደጅህ ያለው ማንጎ ቅጠሉ ረጥቧል ወይስ ደርቋል?» ሦስት ጣታቸውን ገጥመው ፊቱ ላይ ዘረጉ። «አንተን የመሰለ ትልቅ ሰው ይህን አያውቅም? እኔ እኮ ዱሮ ነው የነገርኩህ!»

ሂባ የሚያስረዳልኝ ረዳት አገኘሁ ብላ ሳቀች፤ ሰላምታ ሳትሰጥም መንገዷን ቀጠለች።