እትዬ ፈንታነሽ ኩሬ የገቡ ዕለት

ባልደረቦቼ፣ ቤተሰቦች፣ አንቱም እትዬ ፈንታነሽ፣ በጡረታ ከመሸኘትዎ በፊት ትንሽ ታገሡኝ።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እትዬ ፈንታነሽ ከገሳይ ተነሥተው ደብረ ታቦር ሲመጡ ትምህርት ቤታችን የቀጠራቸው በታይፒስትነት ነበር። ተሸክመው የደረሱት ግን የስፌት መኪና ነው። ያኔ ዘበኛ የነበሩት ጋሽ አያሌው በር ላይ አስቆሟቸው። "የጽሕፈት መኪና እዚሁ አለልሽ፤ ያንቺው ደግሞ ምን ሆኖ ነው መርፌ ያበቀለው?" አሏቸው። እሳቸውም "ቤት እስክከራይ ይጠብቁልኝ" ብለው እዚያው አስታቅፈዋቸው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ግቢ ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ በሰላም አልፎ አያውቅም። ርእሰ መምህራችን አቶ ሀብታሙ ስብሰባ እየመሩ እትዬ ቃለ ጉባኤውን አስቀምጠው ቁልፋቸውን ሲተክሉላቸው ሁላችንም አይተናል። አቶ ሀብታሙ ንግግራቸውን እንኳ አያቋርጡም፤ ለምደውታል። እትዬ አጭር ቀሚስ የለበሰች ተማሪ ካዩ ደግሞ "ልጄ፣ የጉና ብርድ ጉልበትሽን ይበላዋል" ሳይሉ አያልፉም።

እንግዲህ እኔን የስፖርት መምህሩን መልካሙን ያስደነገጡኝ እኒህ ሴት ናቸው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሴቶች ልጆችን ለባሕር ዳር የዋና ውድድር አዘጋጅ ነበር። ልጆቹ የዋና ልብስ የላቸውም። ከሁሉም ፈጣኗን ሀናንን ደግሞ አባቷ አቶ ዩኑስ "ገላዋ እየታየ አትዋኝም" ብለው አስቀሯት። እኔም ሀናን ከቡድኑ መውጣቷን የሚገልጽ ደብዳቤ ረቂቅ ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። አነበቡትና "ይኼን አልጽፍም" አሉኝ። በዐሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ክው አልኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከልጆቹ ቀድሜ ወደምንለማመድበት ኩሬ ወረድኩ። መሐሉ ላይ የሰው ጭንቅላት ብቻ ይታያል። ሰው ሰጠመ ብዬ ከነጫማዬ ገባሁ። ስጠጋ ዞር አሉ፤ እትዬ ፈንታነሽ ናቸው። በጠራው ውሃ ውስጥ ከራስ ፀጉር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጥቁር ልብስ ለብሰው ይታያሉ፤ ጎኑ ላይ እንደ ኳስ ማልያ ቀይ መስመር ወርዶበታል፤ ጀርባው ላይ ቁጥር አንድ አለበት።

"መልካሙ፣ ውሃውን አታደፍርስብኝ፤ ስፌቱን እያየሁ ነው" አሉኝ።

"እትዬ፣ ዋና ይችላሉ?"

"አልችልም። ቆሜ ነው።"

"ቁጥር አንዱስ?"

"በረኛ ነኛ።"

ዳር ወጥተው ጋቢ ደርበው እየተንቀጠቀጡ ነገሩኝ። "የሚሳብ ጨርቅ እንደ አቡጀዲ ከሰፋኸው ክሩ ይበጠሳል። ቤቴ የሰፋኋቸው ሦስት ልብሶች ተተርትረውብኛል። ልጆቹ ሰው ፊት ከሚያፍሩ እኔ እዚህ ብቻዬን ልፈር ብዬ ነው።"

"ለምን ይኼን ያህል ይደክማሉ?" አልኳቸው።

"እኔም ሯጭ ነበርሁ። ገሳይ ላይ የሚቀድመኝ አልነበረም። ለውድድር ስመረጥ፣ ቁምጣ ለብሰሽማ አትሮጪም ተባልሁ። ሌላ የምለብሰው ስላልነበረኝ ቀረሁ። በጨርቅ ምክንያት፣ መልካሙ።"

ዐሥር ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህን አላውቅም ነበር። ከኩሬው ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልብሱ ሲደርቅ እትዬ ወደ አቶ ዩኑስ ሱቅ ይዘውት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። አቶ ዩኑስ ጨርቁን ሳብ ሳብ አድርገው አዩት።

"ማን ሞከረው?"

"እኔ።"

"የት?"

"ኩሬ ውስጥ።"

አቶ ዩኑስ ልብሱን አጣጥፈው መለሱላቸው። "አንቱ ከገቡበት ልጄም ትግባበት" አሉ።

እትዬ ለሌሎቹም ከነጀርባ ቁጥሩ ሰፉላቸው። ሀናን ባሕር ዳር ላይ አራተኛ ወጣች፤ ሜዳሊያ አላመጣንም። እትዬ ግን ከዳር ቆመው የሚያዩት ውጤቱን ሳይሆን የብብቷን ስፌት ነበር። አልተፈታም። ዘንድሮ ቡድናችን ዐሥራ አራት ሴቶች ልጆች አሉት።

እትዬ ፈንታነሽ፣ ብዙ ጊዜ ቀልጄብዎታለሁ፤ ዛሬ ግን እውነቱን ልናገር። ያቺን ልጅ ላስወጣት ወረቀት ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። አንቱ እንቢ ባይሉኝ ኖሮ ዛሬ ሀናንን ቀና ብዬ ማየት አልችልም ነበር። ስለ እንቢታዎ አመሰግናለሁ።

እስቲ ሁላችሁም ብርጭቆ አንሡ፤ ጠላ የያዘ በጠላው፣ ለስላሳ የያዘ በለስላሳው። እትዬ፣ ፈጣሪ ጤና ከዕድሜ ጋር ይስጥዎ። የልጅ ልጅ ይቀፉ፣ የጠዋት ፀሐይ ይሙቁ፣ ደጅዎም ሰው አይጣ። ለእትዬ ፈንታነሽ።