የቀጥቃጭ ልጅ በቤተ መንግሥት

ባቡሩ ከብሉሚንግተን ወደ ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ ሲሄድ፣ ከፊቴ የኤርፖርት ሠራተኛ ጃኬት የለበሱ አባት ከተማሪ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር።

«ዛሬ ኢንተርቪው እያለሽ አሁንም ታሪክ ታነቢያለሽ?»

«ነገ ፈተና አለኝ፣ አባዬ። ስለ ድሮ የእንግሊዝ ነገሥታት ነው።»

«ምን አደረጉ?»

«አማካሪዎቻቸው በብዛት መሳፍንት ነበሩ። በኋላ አንዱ ንጉሥ የሥጋ ነጋዴ ልጅ ሾመ፤ ቀጥሎ ደግሞ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ።»

«የቀጥቃጭ ልጅ? እኛ አገርማ ልጁን የሚድርለትም አልነበረም።»

«ሥራ ስለሚችሉ ነው የተሾሙት።»

«መሳፍንቱ ዝም አሉ?»

«የት ዝም ይላሉ። በዘራቸው ይሰድቧቸው ነበር።»

«ታዲያ አንቺ ለከተማው ምክር ቤት አባል ረዳት ለመሆን ምን ያስፈራሻል?»

«አባትሽ ምን ይሠራል ቢሉኝስ?»

«ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋል በያቸዋ።»

ልጅቷ ወደ መጽሐፏ ተመለሰች።

«ለመሆኑ የሰዎቹ መጨረሻ እንዴት ሆነ?»

«አንደኛው ከሥልጣኑ ተባረረ። የቀጥቃጩን ልጅ ግን ንጉሡ አንገቱን አስቆረጠው።»

«እዚህ ቢበዛ ከሥራ ፋየር ያደርጉሻል።»

ልጅቷ ሳቀች።

«በይ፣ እኔ ውጭ እጠብቅሻለሁ። በዚህ ጃኬት አብሬሽ አልገባም።»

«ትገባለህ። አባቴ ነው ብዬ አስተዋውቅሃለሁ።»

«ኧረ ተይ፣ ልጄ። ሰዎቹ ምን ይላሉ?»

«ይዩህ። ካዩህ በኋላ አይጠይቁኝም።»

አባትየው ኮሌታቸውን እያስተካከሉ ከልጃቸው ጋር ወረዱ።

እኔም ሰው አጠገቤ እንዳይቀመጥ ብዬ ከጎኔ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጬው የነበረውን ቦርሳዬን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት።