ባለቤቱ ፊቱን ያሳይ

«ግባ፣ ግባ እንጂ። ጫማህን አታውልቅ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ከሳህ ልበል? … ኧረ የለም፣ አምሮብሃል። መቼም እዚያ መሥሪያ ቤት ምሳው በነፃ ነው አሉ። እሰይ።»

የሰዓት ሠሪው ሚስት የሟች ባሏን ታናሽ ወንድም ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠችውና ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችው።

«አሠሪህስ ደህና ነው? … ስሙን አልጠራም፤ ባልጠራውም ይሰማኛል፣ ስልኬ ጆሮው አይደል? እንደ እሱ ያለ አሳቢ ከየት ይመጣል! ወንድምህ ኢንተርኔት ላይ የራሱ ገጽ ነበረው፣ አሮጌ ሰዓት እንዴት እንደሚታደስ የሚያስተምርበት። ሰው በፈለገው መንገድ ይመጣ ነበር። አሠሪህ ግን ሰው ይደክማል ብሎ አዘነ። አሁን ስልኩ ከሱቅ ሲወጣ የእሱ በር ተከፍቶ ይጠብቅሃል፤ የሚፈልግልህ እሱ፣ ያገኘልህም እሱ። ሌላ መንገድ መኖሩን ማን ያስታውሳል? … ዕረፍት ነው!

«ከዚያ አሠሪህ በወንድምህ ገጽ ላይ በቀይ ጻፈበት፤ ‹አይግቡ፣ አደገኛ ሊሆን ይችላል።› የሰው በር ላይ እንዲህ ለጥፎ የሚሄድ ጎረቤት ዛሬ የት ይገኛል? … የወንድምህን ካቻቢቴ ፈርቶ ይሆናል።

«ደግሞ ሜዳ ላይ አልተወውም። ‹እኔ ዘንድ ግባ፣ በነፃ ነው› አለው። አንተም፣ እጅህ ይባረክ፣ እዚሁ ቁጭ ብለህ ቪዲዮውን ሁሉ አጋዝክለት። ሁለት ቤት ምን ይሠራል ብለህ የራሱን አዘጋኸው፤ ኮምፒውተሩን አጣበበ ብለህ ቅጂውንም አጠፋህለት። ወንድም ያስፈልጋል!»

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«አትደፋ፣ አንብበው። ‹እርስዎ እርስዎ መሆንዎን ለማረጋገጥ ፊትዎን ለካሜራ ያሳዩ፤ አለበለዚያ በወሩ መጨረሻ ሁሉም ይሰረዛል።› አንቱ ብሎታል፣ አየህ? በቁሙ ሳለ ማን አንቱ ብሎት ያውቃል? የሞት ማስረጃውን ላክሁ፤ ‹ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን› የሚል ማሽን መለሰልኝ። ሐዘንተኛ ከሚያናግር ሰው ይህ አይሻልም? … ወንድምህ ደግሞ ፊቱን አስቀርጾ አያውቅም። ሰዓቱ ላይ አቀርቅሮ ይናገራል፣ የሚታየው እጁ ብቻ ነው። ድምፁ ሌላ ቦታ የለኝም። ሰነፏ እኔ ነኝ፤ ሳይቀበር በፊት ካሜራ ፊት ላቆመው ይገባኝ ነበር።

«አንተማ ምን ታደርግ? ትናንት ስለምንህ ‹እኔ እዚያ ትንሽ ሰው ነኝ› አልከኝ። እውነትህን ነው። ገጹን ስታዘጋ ግን ትልቅ ነበርክ… ያኔ ሥራ ስላልበዛብህ ነው።»

ሰውየው ካፖርቱን አንሥቶ ቆመ። እሷም እስከ በር ሸኘችው፤ ኮሌታውን አስተካከለችለት፣ ትከሻውንም በመዳፏ ጠረገችለት።

«ተነሣህ? በል በሰላም ግባ። አሠሪህን ሳልመርቅ ግን አልሰድህም፤ ነውር ነው። ዕድሜውን ያርዝመው። የልጅ ልጅ ያሳየው። ዓይኑ ሲፈዝ፣ ጉልበቱ ሲከዳው፣ የለፋበት ሁሉ ከእጁ ሲወጣ፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ ደግ ይዘዝለት። አንተንም ያን ጊዜ ከጎኑ አይለይህ። … አሜን በል እንጂ!»